ውኃ ያልነካት እጅ

የቤታችን ቁልፍ አንድ ነው። ሁለተኛ ማስቀረጽ እንደሚቻል አውቃለሁ፤ ግን ሁለት ቁልፍ ማለት ሊጠፋ የሚችል ነገር ሁለት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ነው፣ የሚቀመጠውም እኔ ጋ ነው። በሩን ቆልፌ ስወጣ ሦስት ጊዜ ገፋ አድርጌ አየዋለሁ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ደግሞ ተመልሼ አንድ ጊዜ እገፋዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የተጠመቅኩ ዕለት የሆነውን ስትሰሙ "ምን ዓይነት ሴት ናት?" እንዳትሉ ነው። እንዲህ ዓይነት ሴት ነኝ።

ጥምቀቱ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ልብስ መለወጫ ክፍል በሩ መቀርቀሪያ አልነበረውም። ነጩ ቀሚስ ደግሞ ኪስ የለውም። ቁልፌን የት ላድርገው? ጫማዬ ውስጥ እንዳልል ጫማ የሚሳሳት ሰው አይጠፋም። ጨብጬው ወጣሁ። ገንዳው ውስጥ ወረድኩ፤ መጋቢው በጌታ ታምኚያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ "አምናለሁ" አልኩ፣ ከልቤ። ከዚያ ጀርባዬን ደግፎ ወደ ኋላ ሲያስተኛኝና ውኃው ጉሮሮዬ ጋ ሲደርስ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ቁልፉ ይዝጋል! እጄን ሽቅብ ዘረጋኋት።

ዳር የቆሙት ሰዎች ያዩት እንግዲህ ይህን ነው፤ ሴትዮዋ እንዳለች ውኃ ውስጥ ገባች፣ አንዲት ቀኝ እጅ ግን ቁልፍ ጨብጣ ብቻዋን ላይ ቀረች። ሕዝቡ ድል ያወጅኩ መስሎት እልል አለ።

ልጄ ግን አልተታለለችም። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ምላሷ ግን የሠላሳ። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እማዬ፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ እጅሽ ብቻ ናት የቀረችው" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እጄ የቤታችን መጫወቻ ሆነች። ጆሮዋን ቆንጠጥ ሳደርጋት "አባዬ ድረስልኝ፣ ያልዳነችዋ መጣች!" ብላ ትጮኻለች። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከመንገድ ተመልሶ ማዕድ ስንቀርብ ጨው ከበዛበት ማንኪያውን ያስቀምጥና "ለመሆኑ ይህን ጨው በየትኛዋ እጅሽ ነው የጨመርሽው?" ይላል። እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር። ሰው በራሱ ካልሳቀ ቤተሰቡ ብቻውን ይስቅበታል።

ሳቁ የቆመብኝ ባለፈው ወር፣ አንድ እሑድ ነው። እንግዳ ሰባኪ መጥቶ ነበር። መድረኩ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ድንገት የተጨበጠ እጁን ወደ ላይ አነሣና፣ "ጌታ ግማሽ ሰው አይፈልግም! በእጅሽ ጨብጠሽ ያልለቀቅሽው ነገር ምንድን ነው?" አለ። አንተ ወይም እናንተ ማለት ሲችል አንቺ አለ። ልጄ በክርኗ ጎነጠችኝና አፏን በመዝሙር ደብተሯ ሸፈነች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን ወንበሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አእምሮዬ አላርፍ አለኝ። በመጨረሻው ቀን በሩ ሲከፈት ይታየኛል። ልጄ ትገባለች። አባቷም እየቀለደ ይገባል። እኔ ስደርስ ግን ጠቅላላ ሰውነቴ አልፎ እጄ ላይ በሩ ይዘጋል። ታዲያ ልጄን እዚያ ማን ሊጠብቃት ነው? እዚያ መጠበቅ የሚባል ነገር የለም፣ ክፉ ነገር አይደርስም ይላሉ። ይህን የሚሉት እናት ያልሆኑ ሰዎች ናቸው።

መጠየቅ ነበረብኝ። የማምነው ሰው ደግሞ አንድ ነው፤ የምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ዩኒፎርም፣ የመዘምራን ልብስ፣ መጋረጃም ይሰፋሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አዲስ አማኞችን ያስተምራሉ። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የኔ ሥራ ጠርዝ ማጠፍና አዝራር መትከል ነው። አዝራር ከተከልኩ በኋላ መጥበቁን ለማወቅ ጎተት አደርገዋለሁ። አንዳንዴ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጋሼ ስሜን ትተው "ጎታቺት" የሚሉኝ ለዚህ ነው። "የተሰፋ አዝራር ይዞ ነበር፤ ያላላሽው አንቺ ነሽ" ይሉኛል በየቀኑ።

አንድ ቀን ቁልል ነጭ ቀሚስ ፊቴ አስቀምጬ የቀሚሶቹ አንገት ላይ አዝራር እየተከልኩ፣ እንደ ዋዛ ጣል አደረግኩት።

"ጋሼ፣ አንድ ሰው ሲጠመቅ ትንሽ ነገር ውጭ ቢቀርበትስ?"

"ምን ቢቀርበት?"

ጨነቀኝ። "ለምሳሌ… ጆሮ።"

"ጆሮ?" መቀሳቸውን አቆሙ። "ጆሮው ከቀረማ ደግ ነው፤ ስብከት ይስማበት!" አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ሰው እየሳቀ እያለ እጄን አውጥቼ አላሳየውም። አዝራሬን ጎተትኩ።

ስለዚህ በራሴ ዘዴ መላ መታሁ። ከድልድዩ ማዶ አንድ ሌላ ቤተ ክርስቲያን አለ። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ያጠምቃሉ፤ የተማረና የወሰነ ሰው በዕለቱም ቢሆን ፎርም ሞልቶ መግባት ይችላል ሲባል ሰምቻለሁ። እዚያ የሚያውቀኝ የለም። ገብቼ፣ እጄን አስጠምቄ፣ እወጣለሁ። ማን ያየኛል?

ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ስወጣ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ወዴት ነው እማዬ?"

"አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ታማለች፤ ልጠይቃት ነው።"

ቦርሳዬን ተመለከተችው። "ፎጣ ይዘሽ?"

"ላብ ላብ ይላታል አሉ" አልኩና ሳልመለስ ሄድኩ። በሩን እንኳ አልገፋሁትም፤ እሷ ቤት ነበረች።

ማዶ ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። በሩ አጠገብ አንዲት ወጣት ሴት ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። ስሜን ከጠየቀችኝ በኋላ አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ። "ማንበብ ይችላሉ ወይስ ላንብብልዎ?"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኔ እስከ አምና ድረስ ፎርም ሲሰጠኝ አውራ ጣቴን ቀለም ላይ ጫን አድርጌ የማትም ሴት ነበርኩ። ስምንት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ ከልጄ በሚያንሱ ልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ማንበብና መጻፍ ተምሬያለሁ። ማንም ሳይረዳኝ የምሞላው የመጀመሪያዬ ፎርም ይህ ነበር።

"እችላለሁ" አልኩ፤ ድምፄ ከሚገባው በላይ ጮኸ መሰለኝ፣ ሁለት ሰው ዞሮ አየኝ።

"እንግዲያው ሞልተው ሲጨርሱ ያመጡልኛል። ቀሚሱን እዚያ ክፍል ያገኛሉ።"

ልብስ መለወጫው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ስም፤ ጻፍኩ። የአባት ስም፤ ጻፍኩ። ዕድሜ፤ አሰብኩና ጻፍኩ። ጌታን ያመኑት መቼ ነው? ይህንንም ጻፍኩ፣ መስመሩ ቢጠበኝም። ፊደሎቼ ተሰልፈው ሲታዩኝ ልጄ አብራኝ ብትሆን ብዬ ተመኘሁ። ቀጥሎ የመጣው ግን ይህ ነበር፤ ከዚህ በፊት በውኃ ተጠምቀዋል? አጠገቡ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች፤ አንዱ "አዎ"፣ አንዱ "አልተጠመቅሁም"።

"አዎ" ካልኩ ይመልሱኛል። እስክሪብቶዬን ወደ ሁለተኛው ሳጥን ወሰድኩት። እጄ ቆመች። እንደገና ሞከርኩ። ላቧ ወረቀቱን አረጠበው እንጂ ምልክት አልወጣትም። "ምን ነካሽ?" አልኳት። "ላንቺ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት!" ወይ ፍንክች።

ተናደድኩና ወረቀቱን አስቀምጬ መጀመሪያ ልብሱን ልልበስ አልኩ። ነጩን ቀሚስ አጠለቅኩ። አንገቱ ላይ ያለውን አዝራር ስቆልፍ ጣቶቼ አንድ ነገር አወቁ፤ ስፌቱ የኔ ነው። ክሩን አራት ጊዜ አዙሬ ከሥር የምቋጥረው እኔ ብቻ ነኝ። ያ ቁልል ቀሚስ ለካ ለዚህ ቤት ኖሯል፤ ለማን እንደሆነ ጠይቄም አላውቅ። ታዲያ የራሴን ስፌት አይቼ ዝም እላለሁ? ጎተት አደረግኩት።

እጄ ላይ ቀረ።

አንገቱ እንደ በር ተከፈተ። እንዲህ ሆኜ ሕዝብ ፊት አልወጣም። ቀሚሱን በአንድ እጄ ሰብስቤ፣ በሩን ከፈት አድርጌ ወጣቷን "እህቴ፣ መርፌና ክር አይጠፋም?" አልኳት።

"ይኸውና፣ ዕድለኛ ነዎት! ቀሚሱን የሰፉት ሰውዬ የቀሩትን ይዘው አሁን መጡ" ብላ ወደ ኋላ ጠራች።

እግዜር ያሳያችሁ። በሩን ልዘጋው ስል የጋሼ ጫማ መሐል ገባ።

መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ከራሴ እስከ እግሬ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ። ከዚያ አንገቴን አዩ። "ጎተትሽው አይደል?" አሉ።

"ጎተትኩት።"

"አንቺን ለጥምቀት ያስተማረሽ ሰውዬ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ ብሎ ይጠይቅሻል።"

"ሕመምተኛ ልጠይቅ…" ብዬ ጀመርኩና በጥምቀት ቀሚስ ሕመምተኛ የሚጠየቅበትን መንገድ ስላጣሁ ተውኩት። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አወጣሁት። ቁልፉን፣ ዝገቱን፣ እልልታውን፣ ልጄ አውቶቡስ ውስጥ ያለችውን፣ ሰባኪው አንቺ ማለቱን፣ በሩ እጄ ላይ መዘጋቱን። ጋሼ በሩን ገርበብ አድርገው በቁማቸው ሰሙኝ። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልሳቁም።

"ለካ ጆሮው እጅ ኖሯል" አሉ።

"እጅ ነው።"

ፎርሙን አነሡት። መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። "ይህን ማን ጻፈው?"

"እኔ ነኛ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"ጎሽ! እቺ ሳጥን ለምን ባዶ ቀረች?"

"እምቢ አለችኝ።"

"ማን?"

እጄን ዘረጋሁላቸው። "እሷ። አልተጠመቅሁም በይ ስላት እምቢ አለች።"

ጋሼ አጠገቤ ተቀመጡ። "እስቲ ልጠይቅሽ። የመጣሽ ሰሞን የደንበኛ ሱሪ በካውያ አቃጥለሽ ምን አደረግሽ?"

ይህን ማንሣታቸው አስደነገጠኝ። "ከጥቅሉ ሥር ደበቅኩት።"

"ስንት ቀን ፈለግነው?"

"አራት ቀን። እኔም አብሬያችሁ ፈለግኩ።"

"ዘንድሮስ የዚያን ልጅ እጅጌ አሳጥረሽ ስትቆርጪ?"

"ያኔማ አመጣሁልዎ።"

"ሳልጠይቅሽ። እያለቀስሽ። በየትኛዋ እጅሽ ነበር ይዘሽ የመጣሽው?"

ጋሼ ፎርሙን ጭኔ ላይ መለሱት። "ያልዳነች እጅ መዋሸት ምን ይከብዳታል? ገና ዛሬ የምትጠመቅ እጅ ናት ትዪኛለሽ፤ እሷ ግን አንቺን ስትቆጣሽ ያረፈደች ናት። አልዳነችም ያልሻት እጅ እያደገችልሽ ነው እኮ።"

"እሺ፣ ነገ ብትዋሽስ? አውቃታለሁ እኮ ጋሼ። ትላንት እንኳ ልጄን ቆንጥጣለች።"

"እሱማ ትቆነጥጣለች" አሉ ሳያስቡበት። "አንቺ መዳንሽን የምታረጋግጪው እጅሽን እያየሽ ከሆነ፣ አንድ ቀን ትድኛለሽ፣ አንድ ቀን ትጠፊያለሽ። ልጅሽ ትንሽ ሳለች መንገድ ስታሻግሪያት ማን ነበር ማንን የሚይዘው?"

"እኔ ነኛ። እሷማ ከረሜላዋን ነበር የምትይዘው። በሁለት እጇ።"

"ታዲያ እጇ ስላልተመቸሽ መኪና መሐል ለቀቅሻት?"

"ይቅር ይበልዎ! ክንዷን ይዤ ነዋ የማሻግራት! ብትወራጭም፣ ብትነክሰኝም…"

ንግግሬን ሳልጨርስ አፌ ተከፍቶ ቀረ። ማንም ከእጄ አይነጥቃቸውም የሚለውን የጌታን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ግን አጥብቄ የምይዘው እኔ ነኝ ብዬ፣ እጄን እያየሁ ነበር የምሰማው። የሚይዘው እሱ ነው እኮ። እኔ ያን ቀን ውኃ ውስጥ ስገባ ያመንኩት ከልቤ ነበር። ቁልፍ ስለጨበጥኩ ይልቀቀኝ?

"አሁን ደግሞ" አሉ ጋሼ ቀስ ብለው፣ "ግራ እጅሽ ቀሚሱን ይዟል። ቀኝ እጅሽ እስክሪብቶውን አስቀምጣለች። ታዲያ ምን ጨብጣ ነው እንዲህ የደረቀችው?"

እጄን ተመለከትኩ። ከፈትኳት።

ቁልፌ ነበር።

ልብሴን ስለውጥ ከኪሴ አውጥቼ ጨብጬው ኖሯል፤ እኔ ራሴ አላየሁትም! እጄን ላስጠምቅ መጥቼ፣ ቁልፌን ጨብጬ ልገባ ነበር። ይኸኔ ጋሼ አልቻሉም። ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ፤ መነጽራቸው ወደቀ፤ እኔም ዓይኔ እንባ እስኪያቀር ሳቅኩ፤ ወጣቷ ደንግጣ አንገቷን አስገባች።

"ለመስፋት ሁለት እጅ ያስፈልግሻል" አሉ ጋሼ እንባቸውን እየጠረጉ። "አምጪው።" መዳፋቸውን ዘረጉ። ትንሽ ቆየሁ። ፎርሙ ላይ ያልዋሸሁ ሴት እዚህ ላይ አልዋሽም፣ በጣም ቆየሁ። ከዚያ ሰጠኋቸው። ጠመኔ ከሚይዙበት የደረት ኪሳቸው ውስጥ ጨመሩትና ወጡ።

የራሴን ልብስ ለብሼ አዝራሩን ሰፋሁት። አልጎተትኩትም። እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፤ እሱንም ቀስ ብዬ። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣሁና "አዎ" ላይ ምልክት አደረግኩ። እጄ ምንም አላለችም።

ወጣቷ ወረቀቱን አይታ ግራ ገባት። "እንዴ፣ ተጠምቀዋል እኮ! ታዲያ ለምን መጡ?"

"አዝራር ልሰፋ" አልኩ። ከጀርባዬ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "እሺ። ሁለተኛ ልጠመቅ ነበር የመጣሁት፤ ተውኩት። አዝራሩን ግን ሰፍቻለሁ፣ ይኸው።"

ልሄድ ስል አዝራሩን የሰፋሁትን ቀሚስ የለበሰች ሴት ወደ ገንዳው ስታልፍ አየሁ። ዕድሜዋ እንደኔ ነው። ፊቷ በደስታ ያበራል፣ አንድ ጭብጧ ግን ጥብቅ ብሏል። እንዲህ ያለውን ጭብጥ የትም ባየው አውቀዋለሁ።

"እህቴ፣ ምን ይዘሻል?"

ወደ ኋላ አለች። "የሱቄን ቁልፍ።"

"ስጪኝ፣ ልያዝልሽ።"

"አላውቅሽም እኮ!"

"እኔም አላውቅሽም። ግን ካልሰጠሽኝ ሁለት ዓመት ትቸገሪያለሽ።"

እንዴት እንዳመነችኝ አላውቅም። ሰጠችኝ። ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ወረደች፣ ምንም ሳይቀርባት ገባች፣ ወጣች። ከኋላዋ የነበሩት ይህን አይተው ሰልፋቸውን ወደኔ አዞሩት። አንዱ ስልኩን፣ አንዷ የጆሮ ጉትቻዋን፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ በመሐረብ የጠቀለሉትን ጥርሳቸውን ሰጡኝ። "አደራ ልጄ፣ እንዳትረግጫቸው" አሉኝ፤ ያለጥርስ ስለሆነ ሁለቴ ነው ያሉኝ። እስከ ምሳ ሰዓት ቀኝ እጄ የሰው ንብረት እንደተሸከመች ዋለች። ሁሉንም ለየባለቤቱ መለስኩ። ጥርሱንም።

ቤት ስደርስ በር አንኳኳሁ። ልጄ ከፈተችና በሩ ላይ ቆመች።

"ሕመምተኛዋ እንዴት ናት?"

"ሕመምተኛ አልነበረም። ዋሽቼሻለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለተኛ ልጠመቅ ሄጄ ነበር፤ ለእጄ ብዬ።"

ቦርሳዬን ከፍታ ፎጣውን ዳሰሰች። "ደረቅ ነው።"

"አስፈላጊ አልሆነም። አጥብቄ የምይዘው እኔ መስሎኝ ነው እንጂ፣ የያዘኝ ጌታስ ለቆኝ አያውቅም።"

ቀልድ ትጨምርበታለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጨመረችም። ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ "እኔ እኮ ለቀልድ ነበር፣ እማዬ" አለች። ትከሻዋን አቀፍኳት፤ በሁለት እጄ። ትንሽ ቆይታ ራሷን ቀና አደረገች።

"ለምን አንኳኳሽ ግን? ቁልፍሽስ?"

ኪሴን ዳበስኩ። ቦርሳዬን ዳበስኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። "ጋሼ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። አሁን ገና ትዝ አለኝ።"

"አሁን ገና? መንገድ ላይ ሁሉ? ልትመለሺ አይደል?"

"ሰኞ ሥራ ስገባ እቀበላቸዋለሁ።"

ልጄ ዓይኗ ፈጠጠ። መዳፏን ግንባሬ ላይ ለጥፋ ትኩሳቴን ለካች። ከዚያ ፊቷን ወደ ውስጥ አዙራ ጮኸች፦

"አባዬ! እማዬን አሟታል!"

ከጓዳ የባለቤቴ ድምፅ መለሰላት፦

"የትኛዋን እጇን?"